ሂና ለሸቤዋ ሙሽራ

ጥቅምት 17፣ እሑድ

ይህን ደብተር የገዛሁት የፀጉር ሳሎኔን ሙሽሮች ቀጠሮ ልጽፍበት ነበር። ይቅር። ቀጠሮውን ረዳቴ ብርሃንነሽ በስልኳ ትያዝ። እኔ ዛሬ የምናገርበት ካላገኘሁ እፈነዳለሁ።

አጋሮ ነበርን። የባሌ የቲጃኒ ታናሽ እህት ወልዳ ልንጠይቃት ሄድን። ገንፎው ቀረበ፣ ቅቤው መሐሉ ላይ ሞልቷል፣ ሴቶቹ ይስቃሉ፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ልጁን ሰጡኝ፣ ታቀፍኩት። ማሻአላህ፣ እንዴት ያለ ልጅ ነው! ጣቴን ጨብጦ አልለቅም አለኝ። አማቴ ሐጃ ሳሊሀ ከማዶ አዩኝና ተነሱ። «አምጪው፣ ይበርደዋል» አሉ። በዚህ በጥቅምት ፀሐይ! ከእጄ ወስደው ለጎረቤታቸው ሰጡ። እሷ ዘጠኝ ወልዳለች፣ የእሷ እቅፍ አይበርድም መሰለኝ።

ከጥግ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ደግሞ በኦሮምኛ ቀስ ብለው «ቁርኣን ይቀራበት» አሉ። ዓይኔ እንዳይጎዳው ነው እንግዲህ። ኦሮምኛ የማልሰማ መሰልኳቸው! እዚሁ ጅማ ተወልጄ!

እዚያ ቤት ሴት በስሟ አትጠራም። ሁሏም «ሃዳ እገሌ» ናት፣ የእገሌ እናት። እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ «ኒቲ ቲጃኒ» ነኝ፣ የቲጃኒ ሚስት። አባቴ ሐጂራ ብሎኛል እኮ! ዛሬ ማንም በዚህ ስም አልጠራኝም።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ለቲጃኒ ነገርኩት። «አንቺ ደግሞ ነገር ታበዢያለሽ፣ ልጁ በርዶት ይሆናል» አለኝ።

ለምን አብሬያቸው ሳቅሁ? ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ። ተነስቼ መውጣት ነበረብኝ።

ጥቅምት 22፣ ዓርብ

ፋታ የለም። ሦስት ሙሽሮች። ቡና ሲሸጥ ሰርግ ይበዛል።

ብርሃንነሽ ጠበል ልታመጣልኝ ነው። እሷ ክርስቲያን፣ እኔ ሙስሊም፣ «ውሃ ምን ሃይማኖት አለው» ትላለች። ካስክ ስር የነበረችው ደንበኛ ጥቁር አዝሙድ በማር አለችኝ። ሌላዋ አሰንዳቦ ከተማ አንድ ሼኽ አሉ አለች። ሁሉንም ጠጥቻለሁ፣ ሁሉም ጋ ሄጃለሁ። ሆዴ ፋርማሲ ሆኗል። ቲጃኒ እስከ ዛሬ አንድ ኩባያ ጠጥቷል? ኧረ ተዉኝ፣ «እሱም ይመርመር» ባልኩ ቁጥር አጋሮ ላይ «ምላሷ ረዘመ» እባላለሁ።

ማክሰኞ የሐኪም ቀጠሮ አለኝ። አብረን እንሂድ አልኩት። «ወቅቱ ነው እኮ ሐጂራ፣ ቡናው ይጠብቀኛል?»

ጥቅምት 26፣ ማክሰኞ

ብቻዬን ሄድኩ። ዶክተር ደሬሳ ሁሉንም አይቶ ጨረሰ። ቱቦው ክፍት ነው አለ። ሆርሞኑም ልክ ነው፣ እንቁላሉም በየወሩ ይወጣል። «አንቺ ጋ ምንም ችግር የለም» አለኝ። ልቤ ደነሰች፣ ወላሂ። ወዲያው ደግሞ ደሜ ፈላ። ምንም ከሌለብኝ ያ ሁሉ መርፌ ምንድን ነበር? ያ ሁሉ መራራ ውሃስ? አጋሮ ላይ የሚያዩኝ ያ ሁሉ ዓይንስ?

ዶክተሩ «ባለቤትሽ ሳይመረመር ከዚህ በኋላ መድኃኒት አላዝልሽም» አለ። ቀላል ምርመራ ነው፣ መርፌ የለው፣ ሕመም የለው። እኔ ያን የማኅፀን ራጅ ስነሳ ጥርሴን ነክሼ ነው የቻልኩት፣ አልጋው ላይ አልቅሻለሁ።

ማታ ለቲጃኒ እራቱን አቅርቤ ነገርኩት፣ እንደገናም ለመንኩት። እጁን ከትሪው አነሳ።

«እኔ ምን ሆንኩና?»

«ምንም አልሆንክም አላልኩም፣ ሆንክም አላልኩም። ይታይ ነው ያልኩት።»

«አንድ ኩንታል ቡና ብቻዬን ተሸክሜ መኪና ላይ እጭናለሁ። ሕመምተኛ ሰው ነው ይህን የሚያደርገው?»

ኩንታሉ ምን አገባው! ኩንታል መሸከም ያስረግዛል እንዴ! ይሄን አፌ ላይ መጥቶ ዋጥኩት። አሁን ሳስበው ብናገረው ይሻል ነበር።

ህዳር 3፣ ማክሰኞ

ቲጃኒ ዘንድሮ ቡና ለመግዛት ሸቤ መሄድ ደጋገመ። ቡናው እዚያ ጥሩ ነው ይላል። ድሮ የጎማና የአጋሮ ቡና ነበር የሚለው፣ እሺ።

ዛሬ ሳሎን መጥቶ «ሽበቴን ቀቢልኝ» አለኝ። ሳቄ መጣ። ስድስት ዓመት ስለምነው «ወንድ ልጅ ቀለም ይቀባል እንዴ» ሲለኝ የነበረ ሰው! ትልልቅ ነጋዴዎች የሚገኙበት ስብሰባ አለ አለ። ወንበር ላይ አስቀምጬ አሳምሬ ቀባሁት። ጢሙንም አስተካከልኩ። አሥር ዓመት ነው የቀነሰው። ብርሃንነሽ ከኋላ ሆና በመስታወቱ ውስጥ አየችኝ። «ምን አየሽ?» አልኳት። «ምንም» አለች።

መስተካከሉ ለእኔም መስሎኝ ማታ ቀሚሴን ቀየርኩ። እሱ ደክሞት ተኛ። እንዲህ ያለ ነገር መጻፍ ያሳፍራል፣ ግን ጻፍኩት።

ህዳር 12፣ ሐሙስ

የገበያ ቀን። ሳሎናችን ያለበት ሂርማታ ገበያ ሰው አይቻልም። ቆሜ ነው የምጽፈው።

ደንበኛዋ ስንት ልጅ አለሽ አለችኝ። የለኝም። «ውይ! ታዲያ ይሄን ሁሉ ሥራ ለማን ነው?» ፀጉሯ በእጄ ነው እኮ። ፎኑም በእጄ ነው። አላህ ነው ያተረፋት።

ህዳር 22፣ እሑድ

አጋሮ ሄድን። የሐጃ ግቢ ውስጥ ከኋላ ያለው ሰርቪስ ቤት ታድሷል። ሲሚንቶ ተለስኗል፣ አዲስ በር ገብቶለታል፣ ግድግዳው ሮዝ ተቀብቷል።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኩት።

«የቡና መጋዘን።»

«መጋዘን በሮዝ?»

«የተረፈ ቀለም ነው።»

ሐጃ በስልክ ያወራሉ። «ኢንሻአላህ ከረመዳን በፊት» ሲሉ ሰማሁ፤ ሲያዩኝ ድምፃቸውን ቀነሱ። ለእኔ ዛሬ ከወትሮው ደህና ነበሩ። ሥጋ አንስተው በእጃቸው አጎረሱኝ። «የእኔ ልጅ፣ ሴት ልጅ ትዕግሥት ካላት ጀነት ነው የሚጠብቃት» አሉኝ። ስድስት ዓመት አጉርሰውኝ አያውቁም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ አላለኝም።

ምናልባት እኔ ነኝ ክፉ የሆንኩት። ሰው ደግ ሲሆንልኝም እጠረጥራለሁ። ዶክተሩ ጭንቀት ቀንሺ ብሎኛል። እንዴት ነው የሚቀነሰው? ለማን ልስጠው?

ታህሳስ 5፣ ቅዳሜ

ቀኑን ሙሉ መስታወት ፊት ነው የምቆመው፣ ሥራዬ ነው። ዛሬ ግን በራሴ ላይ አንድ ነገር ያዝኩ፤ የደንበኛዬን ፊት ብቻ ነው የማየው፣ የራሴን ዘልዬ ነው የማልፈው። መቼ እንደጀመርኩት አላውቅም። ድሮ ቆንጆ ነኝ ብዬ የማምን ሴት ነበርኩ። የመንደራ ሰፈር ልጆች ስሄድ ያፏጩልኝ ነበር፣ እኔም በሆዴ ደስ እያለኝ እሳደባቸው ነበር። አሁን ቆሜ ሳየው ወገቤም፣ እጄም፣ ሁሉም «ለምን አልሠራህም» የሚባል ዕቃ መሰለኝ። ማን ነው እንዲህ እንዳስብ ያደረገኝ? ሐኪሙ ጤነኛ ነሽ ያለኝን ሰውነት ማን ነው የተበላሸ ያስባለብኝ?

ለብርሃንነሽ ነገርኳት። መጥረጊያውን ጥላ «ነይ» አለች፣ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ፣ ፀጉሬን አጠበችልኝ፣ ሹሩባ ሠራችኝ። ከጨረሰች በኋላ «እነዚህ ሰዎች ግን እሳት ይብላቸው» አለች። አልቅሼ ወጣልኝ።

የሸቤ ሙሽራ ለማክሰኞ ሳምንት ተቀጥራለች አለችኝ፤ አይ፣ ለሐሙስ ሳምንት ነው ያለችው። ሰርጉ በጥር ነው፣ አሁን የሚመጡት ዲዛይን ለመምረጥ ነው። ከሸቤ ድረስ ስሜን ሰምተው መምጣታቸው ደስ አለኝ።

ታህሳስ 17፣ ሐሙስ

የሸቤዋ ሙሽራ መጣች። ሂና።

ቲጃኒ።

አሁን አልችልም።

ታህሳስ 18፣ ዓርብ

ሳሎኑን ዘግቼ ነው የምጽፈው።

እናትና ልጅ ሆነው ገቡ። ልጅቱ ዩምና ትባላለች፣ ሃያ ቢሆናት ነው፤ እናቷ ሃዳ ዩምና፣ ፈገግተኛ፣ ከገቡ ጀምሮ ወሬ የማያልቅባቸው። ልጅቱ ዲዛይን መረጠች። ለሙከራ ግራ መዳፏን ጀመርኩላት። እኛ ጋ ሙሽራ ሂና ስትቀባ የባሏ ስም የመጀመሪያ ፊደል አበባው መሐል ይደበቃል፤ ማታ እሱ ይፈልጋል፣ ይሳሳቃሉ። እኔም እንደ ሁልጊዜው ጠየቅኩ።

«የሙሽራው ስም ማን ነው?»

«ቲጃኒ» አለች፣ አንገቷን ደፍታ።

ፊደሉን ጀመርኩት። ቲጃኒ የሚባል ስንት ሰው አለ! እናትየው ግን ማን ጠይቋቸው ቀጠሉ፤ «የአጋሮዋ ሐጃ ሳሊሀ ልጅ ነው። ቡና አቅራቢ ነው፣ ቤትም አሠርቶላታል። ሚስት አለችው፣ መካን ናት። ግን ደግ ሴት ናት አሉ፤ ራሷ ናት ‹አግባ› ብላ የለመነችው።»

ብርሃንነሽ ሚዶውን ጣለች።

የሂናውን ቱቦ ይዤ ቀረሁ። እጄ ላይ የልጅቱ መዳፍ አለ፣ ትንሽ፣ የሚያልበው። ዕውነቱን ልጻፍ፤ ሂናውን ክንዷ ድረስ ልደፋባት አማረኝ። በዚያች ቅጽበት ልጅቱ ቀና ብላ «እቴ፣ ሚስትየው ግን እውነት ፈቅዳ ይመስልሻል?» አለችኝ። ወላሂ፣ በዚያ ቤተሰብ ውስጥ ይህን ጥያቄ የጠየቀች የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት።

«አልፈቀደችም» አልኩ። «ሐጂራ ትባላለች። አጠገብሽ ተቀምጣለች።»

እናትየው በአንድ ጊዜ ተነሱ። «አስተግፊሩላህ!» ማንን እንደሚሳደቡ አላወቁም፣ አንዴ እኔን፣ አንዴ ሐጃን። ልጅቱ መዳፏን ዘርግታ እንደተቀመጠች እንባዋ ወረደ። እኔ የምጮኽ መስሎኝ ነበር። ድምፄ ግን ቀዝቅዞ ወጣ።

«ከኒካሁ በፊት የኤች አይ ቪ ምርመራ ትጠይቃላችሁ አይደል?» አልኳቸው።

«እንዴታ! ኢማሙም ያለዚያ አያስሩም።»

«እንግዲያው አንድ ጨምሩበት። መውለድ ይችል እንደሆነ ይመርመር። እኔ ተመርምሬያለሁ፣ ምንም የለብኝም። እሱ አንድም ቀን አልታየም፣ እምቢ ብሎኛል። ይሄን የምለው ቀንቼ ነው በሉ፣ መብታችሁ ነው። ግን ልጅዎ ከሁለት ዓመት በኋላ እኔ በተቀመጥኩበት ወንበር ላይ እንዳትቀመጥ።»

እናትየው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። «ማሎ፣ እባክሽ ልጄ፣ አላወቅንም» አሉኝ። የልጅቱን እጅ በዘይት ጠረግኩላት። ፊደሉ ግማሽ ብቻ ነበር።

ከሄዱ በኋላ ብርሃንነሽ «ሽበቱን ሲቀባ ጠርጥሬ ነበር» አለች። እሷ ላይ ጮኽኩባት፣ ምስኪን። ሽበቱን በዚህ እጄ ነው የቀባሁለት! ሙሽራ አድርጌ የላክሁት እኔ ነኝ!

ታህሳስ 20፣ እሑድ

ቲጃኒ ትናንት ማታ ከአጋሮ ገባ። ሙዝ ገዝቶ ነበር።

«ዩምና ቆንጆ ናት» አልኩት።

«ማን ነገረሽ?» አለኝ። መጀመሪያ ከአፉ የወጣው ቃል ይሄ ነው። ይቅር በይኝ አይደለም፣ አፈርኩ አይደለም። ማን ነገረሽ!

ከዚያ ሸሪዓ አመጣ። ይፈቅድልኛል አለ።

«ሚስቴ ለመነችኝ ብለህ ዋሽም ይላል?»

ወዲያው የገፋፋችኝ እናቴ ናት አለ። እንዳትከፊ ብዬ ነው አለ። አንቺን አልፈታሽም፣ ቤትሽ ቤትሽ ነው፣ እኩል አደርጋችኋለሁ አለ። አለቀሰም። መጥፎ ሰው አይደለም፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው። ሲከፋኝ ውሃ የሚያቀርብልኝ፣ ስታመም የሚያለቅስ ሰው ነው እንዲህ ያደረገኝ። ክፉ ቢሆን ትቼው እሄድ ነበር።

የቤታችን ሳሎን ውስጥ ፍራሽ አንጥፌ ተኛሁ። ሙዙ እዚያው ጠረጴዛ ላይ አለ።

ጥር 1፣ ሐሙስ

የዩምና አጎት ሸኩር ከሸቤ ሽማግሌ ይዞ አጋሮ ሄዶ ነበር። ቁርጡን ነገሯቸው፤ ምርመራ ከሌለ ኒካህ የለም። ሐጃ ተቆጥተዋል አሉ፣ ተሰደብን ብለዋል።

እሱ ግን ዛሬ ሄደ። ጠዋት ተነስቶ፣ ተጣጥቦ፣ ክሊኒክ ሄደ! ቡናው አላስቸገረውም። ወቅቱ አልያዘውም። እኔ ሚስቱ ስድስት ዓመት ለምኜ፣ ተቆጥቼ፣ እግሩ ላይ ወድቄ ያልሄደውን፣ ከሸቤ የመጡ ሰዎች አንድ ጊዜ አዘዙትና ሄደ። ቀላል ነበር ማለት ነው። ሁልጊዜም ቀላል ነበር።

ቀኑን ሙሉ የሰው ፀጉር ስጎትት ነው የዋልኩት። አንዷ «አመመኝ እኮ» አለችኝ። ይቅርታ ጠየቅኳት።

ጥር 6፣ ማክሰኞ

ወደ ቤት ስገባ መብራት ሳያበራ ተቀምጧል።

«ሐኪሙ ምን አለህ?»

«ከእኔ ነው» አለ። «ቁጥሩ በጣም ትንሽ ነው። ፍሬዬ ላይ ያበጠ የደም ሥር አለ። ቀዶ ጥገና ይሠራል፣ ግን እርግጠኛ አይደሉም። ‹ቀደም ብለህ ብትመጣ ኖሮ› አለኝ።»

ደስ የሚለኝ መስሎኝ ነበር። ስንት ሌሊት ይህን ቀን ተመኝቻለሁ! ምንም ደስ አላለኝም። አጠገቡ ተቀመጥኩ፣ ጀርባውን ዳበስኩለት። አዘንኩለት፣ ለምን እዋሻለሁ። ባሌ ነው። «አብረን እንታከማለን፣ ሰው እኮ ይታመማል» አልኩት። እኔን እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም፣ ግን አልኩት።

እጄን ያዘኝ። «ሐጂራ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። ለማንም እንዳትነግሪ፣ ለእናቴም ቢሆን። ሸቤዎቹን እኔ በሰበብ እመልሳቸዋለሁ። ሰዉ እንደ ድሮው ያስብ። እኔ ይሄንን ተሸክሜ ገበያ መሐል መቆም አልችልም። አንቺ እኮ ለምደሽዋል።»

ለምደሽዋል!

እጄን ነጠቅኩት። ተነስቼ መብራቱን አበራሁ፣ ፊቴን እንዲያይ ብዬ። «አልለመድኩትም» አልኩት። «አንድም ቀን አልለመድኩትም፣ ቲጃኒ። የአንተን ሕመም ለማንም አልናገርም፣ እሱ የአንተ ነው። የራሴን ጤና ግን ከእንግዲህ አልደብቅልህም።»

ጥር 8፣ ሐሙስ

ሐጃ ሳሊሀ ሳሎኔ መጡ። ስድስት ዓመት እግራቸው ደርሶ አያውቅም። ገበያ ቀን ስለሆነ ወንበሩ ሁሉ ሙሉ ነው፣ ካስክ ስር ያሉትም ተደርድረዋል። በሩ ላይ ቆመው ጀመሩ።

«ልጄን አዋረድሽው! ሰርጉን አፈረስሽው! ራስሽ አትወልጂ፣ የምትወልድለት እንዳትመጣ ሰው ትመክሪያለሽ!»

ብርሃንነሽ ልትይዛቸው ሄደች። ተያቸው አልኳት። ፎኑን አጠፋሁ። ካስክ ስር ያሉት ሴቶች እንዲሰሙ ራሳቸውን አወጡ።

«ሐጃ» አልኩ፣ «እኔ ጤነኛ ነኝ። ሐኪሙ በጥቅምት ነግሮኛል። የቀረውን ልጅዎን ይጠይቁት።»

ሌላ አንድ ቃል አልጨመርኩም። እሳቸው ግን ስምንት ልጅ ያሳደጉ ሴት ናቸው፣ ገባቸው። ብርሃንነሽ ከጓዳ ወንበር አመጣችላቸው፣ ውሃ ሰጠቻቸው። ጠጡ። አረጁብኝ፣ እዚያው ዓይኔ እያየ። አሳዘኑኝም። ከዚያ ብርጭቆውን መልሰው ሰጡና ቀና ብለው አዩኝ።

«ታዲያ ኒቲ ቲጃኒ፣ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽ?»

እኔ! ዝም!

«ሐጂራ ነኝ» አልኳቸው። «ዝምም አላልኩም፣ ሐጃ። ስድስት ዓመት ሙሉ ‹እሱም ይመርመር› ስል ነበር። ‹ምላሷ ረዘመ› ትሉኝ የነበረው እኮ ያን ጊዜ ነው።»